የተረፈው ሰው ለምን ተረፈ? የፕሪሞ ሌቪ የአውሽቪትዝ ምስክርነት

በጦርነት መካከል ከሞት የተረፉ ሰዎች የጻፏቸው የትዝታ መጻሕፍት በየአገሩ ብዙ አንባቢ አላቸው፤ አንባቢውም ወደ እነዚህ መጻሕፍት የሚቀርበው በአመዛኙ አንድ ጥያቄ ይዞ ነው፤ ይኸውም ሌሎች ባለቁበት ቦታ ይህ ሰው በምን ኃይል ቆመ የሚለው ነው። የሚጠብቀው መልስም አስቀድሞ በልቡ አለ፦ ተስፋ ስላልቆረጠ፣ ልቡ ስለጸና፣ ለመኖር ቆርጦ ስለተነሣ ተረፈ የሚል ነው። ጣሊያናዊው ኬሚስትና ደራሲ ፕሪሞ ሌቪ ከአውሽቪትዝ ማጎሪያ ካምፕ ተመልሶ የጻፈው፣ ርእሱ በአማርኛ «ይህ ሰው ከሆነ» ሊባል የሚችለው መጽሐፍ ግን ይህን መልስ አይሰጥም። መጽሐፉ ጽናትን አይክድም፤ እንዲያውም በየገጹ የጽናትን ሥራ ያሳያል። ነገር ግን ጽናት ለብቻው ማንንም እንዳላዳነ፣ ከሌቪ የበረቱና የተሻሉ ብዙዎች እንደሞቱ፣ እርሱም የተረፈው በአጋጣሚና በሌሎች ሰዎች እጅ መሆኑን ደጋግሞ ያስረዳል። ይህ የጸሐፊው ትሕትና ብቻ ተደርጎ ሊታለፍ አይገባም፤ የተረፈውን በብርታቱ ብቻ የሚያመሰግን ሰው፣ ሳያስበው፣ የሞተውን ደካማ ነበር ብሎ መፍረዱ ነውና፣ ሌቪ ይህን ፍርድ በሙታን ላይ ላለመጫን ዕድሜውን ሙሉ ተጠንቅቋል።

ፕሪሞ ሌቪ በ1919 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ጣሊያን በቶሪኖ ከተማ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በከተማው ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ማጥናት በጀመረ በዓመቱ፣ በ1938፣ የሙሶሊኒ መንግሥት አይሁዳውያንን ከትምህርት ቤት፣ ከመንግሥት ሥራና ከብዙ ሙያ የሚያግዱ የዘር ሕጎችን አወጣ፤ ቀድሞ የተመዘገቡ ተማሪዎች እንዲጨርሱ ስለተፈቀደላቸው ብቻ ሌቪ በ1941 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ፣ በምስክር ወረቀቱ ላይ ግን «የአይሁድ ዘር» የሚል ቃል ተጻፈበት። እነዚህ ሕጎች ለኢትዮጵያ አንባቢ ፈጽሞ ባዕድ አይደሉም። የፋሺስቱ መንግሥት ኢትዮጵያን በወረረ ማግሥት፣ በአፕሪል 1937፣ ጣሊያናዊ ከቅኝ ተገዢ ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ድንጋጌ አውጥቶ ነበርና፣ ሰውን በዘሩ መለየት በሮም ሕግ መሆን የጀመረው በቶሪኖ አይሁዳውያን ላይ ሳይሆን በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ነው።

ሌላም የሚያገናኝ ክር አለ። ሙሶሊኒ በጁላይ 1943 ከሥልጣን ሲወርድ የመንግሥቱ መሪ የሆነው በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ ያዘነበው ጦር አዛዥ የነበረው ማርሻል ባዶሊዮ ነው፤ ባዶሊዮ ሴፕቴምበር 8 ቀን ከአንግሎ አሜሪካ ጦር ጋር የተኩስ ማቆም ስምምነት መደረጉን ባወጀ ጊዜ፣ ጀርመኖች ሰሜንና መካከለኛ ጣሊያንን ወዲያው ያዙ። ሌቪ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ወደ ቫል ዳኦስታ ተራሮች ወጥቶ፣ ልምድም በቂ መሣሪያም የሌለው አንድ የአርበኞች ቡድን አባል ሆነ፤ ዲሴምበር 13 ቀን 1943 የፋሺስት ሚሊሺያ ያዘው። አርበኛ ነኝ ቢል በዚያው የሚረሸን ስለመሰለው አይሁዳዊነቱን ተናገረ፣ በዚህም ምክንያት ሞዴና ከተማ አጠገብ ወደሚገኘው የፎሶሊ ካምፕ ተላከ። ዕድሜው 24 ዓመት ነበር።

በፎሶሊ የመጨረሻው ሌሊት የሆነውን ሌቪ በጥቂት መስመር ጽፎታል። በማግሥቱ ሁሉም እንደሚጫኑ ተነግሯቸዋል፤ ብዙዎቹም ወዴት እንደሚሄዱ ገምተዋል። እናቶቹ ግን ለመንገድ ስንቅ ሲያዘጋጁ፣ ልጆቻቸውን ሲያጥቡ አድረው፣ ጎሕ ሲቀድ የሽቦው አጥር እንዲደርቅ በተሰጣ የሕፃናት ልብስ ተሞልቶ ታየ። ከዚህ ገጽ የበለጠ ስለ ጽናት የሚናገር ገጽ በመጽሐፉ ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል፤ ይሁንና ያ ጽናት ከእነዚያ እናቶችና ሕፃናት አብዛኞቹን ከሞት አላዳናቸውም። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1944 650 ሰዎች በ12 የዕቃ መጫኛ ፉርጎዎች ተጫኑ። ባቡሩ ከአራት ቀን በኋላ በሌሊት ሲደርስ፣ የጀርመን መኮንኖች ለሥራ ይሆናሉ ያሏቸውን 96 ወንዶችና 29 ሴቶች ከአሥር ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ለዩ፤ የቀሩት ከአምስት መቶ የሚበልጡ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ በጋዝ ታፍነው አለቁ። በሌቪ ፉርጎ ከነበሩት 45 ሰዎች ወደ ቤታቸው የተመለሱት አራት ብቻ ሲሆኑ፣ እርሱ እንደሚለው ከፉርጎዎቹ ሁሉ ዕድል የቀናው ያ ነበር።

አውሽቪትዝ በጀርመን በተያዘችው ፖላንድ የተቋቋመ፣ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ያለቁበት የብዙ ካምፖች ስብስብ ነው። ሌቪ የገባበት ሞኖዊትዝ የተባለው ክፍል፣ ኢ ጌ ፋርበን የተሰኘው ታላቅ የጀርመን የኬሚካል ኩባንያ ሰው ሠራሽ ጎማ ለማምረት ለሚያስገነባው ፋብሪካ ጉልበት የሚያቀርብ ነበር፤ ፋብሪካው ጦርነቱ እስኪያበቃ አንድ ኪሎ ሰው ሠራሽ ጎማ እንኳ አላወጣም። እስረኛው ልብሱና ጫማው ተወስዶ፣ ጠጉሩ ተላጭቶ፣ በግራ ክንዱ ላይ ቁጥር ይነቀሳል። የሌቪ ቁጥር 174517 ነበር፤ ዳቦና ሾርባ ለመቀበል ቁጥሩን በጀርመንኛ ሲጠራ ሰምቶ መለየት ግዴታው ነው። ከእስረኞቹ መካከል ተመርጠው በሌሎቹ ላይ የሚሾሙ፣ ካፖ የሚባሉ አለቆች ነበሩ፤ እነርሱም ሥልጣናቸውን በዱላ ያስከብራሉ።

በዚህ ቦታ ለመቆየት የሚያስፈልገው እውቀት ከካምፑ ውጭ ያለ ሰው ሊገምተው ከሚችለው የተለየ ነው። ለምሳሌ ሞት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከጫማ ነው፤ ልክ ያልሆነ የእንጨት ጫማ እግርን ያቆስላል፣ ቁስሉ ያብጣል፣ እግሩ ያበጠ ሰው ይዘገያል፣ የዘገየ ይደበደባል፣ መጨረሻውም ሆስፒታል ነው፤ እግሩ ያበጠ ሰው ወደ ሆስፒታል መግባቱ ደግሞ አደገኛ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ማንኪያ የሚሰጥ የለም፤ በዳቦ ይገዛል። ሳህንና ጫማ እንዳይሰረቁ በጃኬት ተጠቅልለው ከራስ ሥር ተንተርሰዋቸው ይተኛሉ። ሾርባ ለመቀበል የሚሰለፍ ሰው፣ የድስቱ ግርጌ ወፍራም እንደሆነ ስለሚያውቅ፣ ተራው ከላይኛው ቀጭን ውኃ ላይ እንዳይውል ያሰላል። ሌቪ ከኬሚስትሪ መጻሕፍቱ የለቀማት ጥቂት ጀርመንኛ ነበረችው፤ ትእዛዝ ያልገባው ሰው ቶሎ እንደሚሞት በገባው ጊዜም ከዚያችው ከማትበቃው ዳቦው ከፍሎ፣ ጀርመንኛ ከሚያውቅ የአልዛስ ሰው የካምፑን ቋንቋ ተማረ። ከኋለኛ ጽሑፎቹ በአንዱ እንዳስረዳው፣ አብረውት ከመጡት ጣሊያናውያን ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሞቱት በረኀብ፣ በብርድ፣ በድካም ይመስላል እንጂ፣ ጠጋ ብሎ ሲታይ ከሞቱበት ምክንያት ዋናው ቋንቋውን አለማወቃቸው ነው። እንዲህ ያለው እውቀት በልብ ጽናት የሚተካ አይደለም።

ስለ ጽናት በቀጥታ የሚከራከር ሰው በመጽሐፉ ውስጥ አለ። ሽታይንላውፍ ይባላል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በኦስትሮ ሀንጋሪ ጦር በሃምሳ አለቃነት ያገለገለና የብረት መስቀል ኒሻን የተሸለመ፣ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው ሰው ነው። ሌቪ በሳምንቱ የመታጠብ ፍላጎቱ ጠፍቶ፣ በቆሸሸ ውኃ ያለ ሳሙና መታሸት ጉልበትን ማባከን ነው ብሎ ሲያስብ፣ ሽታይንላውፍ በዚያው ውኃ ራቁቱን እየታጠበ አጥብቆ ይገሥጸዋል፤ ካምፑ ሰውን ወደ እንስሳ የሚለውጥ ማሽን ስለሆነ እንስሳ አለመሆን ግዴታ ነው፣ መታጠብና ቀጥ ብሎ መራመድ ለጀርመን ሥርዓት የሚደረግ አክብሮት ሳይሆን ላለመሞት የሚደረግ እንቢታ ነው ይለዋል። አንድ ተራ የጽናት መጽሐፍ ምዕራፉን እዚህ ላይ ይዘጋው ነበር። ሌቪ ግን የሰውየውን ክብር እየመሰከረ፣ ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ እንዳልተዋሐደው፣ በዚያ በተዘበራረቀ ዓለም ሌላው ያዘጋጀው ሥርዓት ለሁሉ ይበቃ እንደሆነ መጠራጠሩን ይጽፋል። ሥራው አንባቢን ማጽናናት ሳይሆን ያየውን መመስከር ስለነበር፣ ጥርጣሬውን አልደበቀም።

የራሱ መንገድ ሌላ ነበር። ዣን የተባለ የአልዛስ ተማሪ በሥራ ቡድኑ ውስጥ የመልእክተኛነትና የጸሐፊነት ቦታ ነበረውና፣ አንድ ቀን 50 ኪሎ የሚመዝነውን የሾርባ ድስት አብሮት እንዲያመጣ ሌቪን መረጠው። ዣን ጣሊያንኛ መማር ይፈልግ ስለነበር፣ ሌቪ በመንገድ ላይ ከገጣሚው ከዳንቴ «መለኮታዊ ኮሜዲ» የግሪኩን ጀግና የኡሊሴን የመጨረሻ ጉዞ የሚተርከውን ክፍል በቃሉ እያስታወሰ ይተረጉምለት ጀመር። መስመሮቹ ይጠፉበታል፣ ይቆራረጡበታል፤ የጠፉትን ለማግኘት የዚያን ቀን ሾርባውን ለመስጠት ዝግጁ እንደነበረ ይጽፋል። ረኀብ ምን ያህል ይገዛው እንደነበረ ያነበበ ሰው ይህ ቃል ምን እንደሚመዝን ያውቃል። ግጥሙ ሕይወቱን አላተረፈለትም፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ቁጥር መሆኑን አስረስቶ ሰው መሆኑን አስታወሰው።

ሕይወቱን ያተረፉለትን ነገሮች ሌቪ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ወደ አውሽቪትዝ የተላከው በ1944 መሆኑ የመጀመሪያው ነው፤ የሠራተኛ እጥረት ስለጸናባቸው ጀርመኖች በዚያ ጊዜ የእስረኞችን ዕድሜ በጥቂቱ ለማራዘም ወስነው ነበር። ኬሚስት መሆኑ ሁለተኛው ነው፤ ፈተና አልፎ የመጨረሻውን ክረምት በከፊል ሙቀት ባለው ላቦራቶሪ ውስጥ አሳለፈ፤ ከዚያም የሰረቃቸውን የሴሪየም ዘንጎች ከጓደኛው ከአልቤርቶ ጋር ወደ ላይተር ድንጋይ ለውጠው በዳቦ ሸጡ። ከሁሉ በላይ ግን ሎሬንዞ ነበረ።

ሎሬንዞ ፔሮኔ ከፎሳኖ ከተማ የመጣ ጣሊያናዊ ግንበኛ ነው፤ እስረኛ ሳይሆን በኩባንያ የተቀጠረ ሲቪል ሠራተኛ ነበር። ከእስረኛ ጋር የሚነጋገር ሲቪል ራሱ ወደ ካምፕ ሊወርድ እንደሚችል እያወቀ፣ ለስድስት ወር ያህል በየቀኑ ቁራሽ ዳቦና የተረፈ ሾርባ ለሌቪ አመጣለት፤ የተጣፈ የሹራብ ልብስ ሰጠው፣ ወደ ጣሊያን ፖስት ካርድ ጻፈለት፣ መልሱንም አደረሰለት። ቃል የማያበዛ፣ ብዙም ያልተማረ ሰው ነበር፤ ለዚህ ሁሉ ዋጋ አልጠየቀም፣ ሊቀበልም አልፈለገም። ሌቪ በሕይወት መኖሩን ለሎሬንዞ ይሰጣል፤ ይህንም የሚለው በሾርባው ብቻ ሳይሆን፣ ያ ሰው በመኖሩ ብቻ ከሽቦው ውጭ ገና ያልረከሰ ዓለም እንዳለ፣ ለዚያም ዓለም ሲባል መቆየት እንደሚገባ ስላስታወሰው ነው። እዚህ ላይ የሌቪ ሐሳብ ጎልቶ ይታያል፦ ጽናት አንድ ሰው ከራሱ ደረት የሚያወጣው ሀብት አይደለም፤ ሌላ ሰው ይሰጠዋል፣ የሚሰጥ ከሌለ ደግሞ ይነጥፋል። የሎሬንዞ መጨረሻ ይህንኑ በሚያሳዝን መንገድ ያረጋግጣል። ከጦርነቱ በኋላ በእግሩ አገሩ ገባ፤ ነገር ግን ያየው ዓለም አስጠልቶት ነበርና ሥራውን ትቶ ለመጠጥ እጁን ሰጠ፣ ታመመ፤ ሌቪ ሊረዳው ቢደክምም በ1952 ሞተ። በ1998 የእስራኤሉ ያድ ቫሼም፣ አይሁዳውያንን ላዳኑ ሰዎች የሚሰጠውን «በአሕዛብ መካከል ጻድቅ» የሚለውን ክብር ሰጥቶታል። የሌቪ ሁለት ልጆችም ስማቸውን ያገኙት ከእርሱ ነው።

ስለ አጋጣሚ የሚናገረው ምዕራፍ ከሁሉ የሚከብድ ነው። በኦክቶበር 1944 በካምፑ ትልቅ ምርጫ ተደረገ፤ ምርጫ ማለት እስረኞች ራቁታቸውን በአንድ መኮንን ፊት በሩጫ አልፈው፣ በሰከንድ እይታ ካርዳቸው ወደ ሕይወት ወይም ወደ ጋዝ ክፍል የሚለይበት አሠራር ነው። ከሌቪ ፊት ያለፈው ሬኔ የተባለ ወጣትና ጠንካራ እስረኛ ለሞት ተመረጠ። ሌቪ ሲያስበው፣ ምናልባት የሁለቱ ካርዶች ተቀያይረው ይሆናል። በዚያው ምሽት ኩን የተባለ ሽማግሌ፣ ባለመመረጡ ደስ ብሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ አምላክን ያመሰግን ነበር፤ በአጠገቡ ባለው አልጋ ላይ ደግሞ የሃያ ዓመቱ ግሪካዊ ቤፖ ከነገ ወዲያ ወደ ጋዝ ክፍል እንደሚሄድ እያወቀ አምፖሉ ላይ አፍጥጦ ተኝቷል። ሌቪ በመጽሐፉ ከሚቆጣባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። መትረፍን እንደ ግል ሞገስ አድርጎ መቀበል፣ በተለይ ሟቹ አጠገብ ተኝቶ እየሰማ፣ ይቅር የማይባል ነገር ሆኖ ታየው። ይህን ቁጣ የተረዳ አንባቢ፣ ሌቪ በኋላ አንድ ወዳጁ አንተ የተረፍከው ለመጻፍ ስለተመረጥክ ነው ባለው ጊዜ ለምን እንደዘገነነው አይጠይቅም።

በጃንዋሪ 1945 የቀይ ጦር መድፍ ሲሰማ፣ ጀርመኖች መራመድ የሚችሉትን እስረኞች በበረዶ ውስጥ እየነዱ ወደ ምዕራብ አስወጡ፤ አልቤርቶም ከእነርሱ ጋር ሄዶ አልተመለሰም። ሌቪ ከጥቂት ቀናት በፊት ስካርላቲና በሚባለው ጉሮሮን በሚያቆስልና ቆዳን በሚያቀላ ተላላፊ ትኩሳት ስለታመመ፣ በተላላፊ በሽተኞች ክፍል ውስጥ ቀረ። በሽታው አዳነው፤ ጤና ጓደኛውን ገደለው። ምግብ፣ ውኃና ጠባቂ በሌለበት ካምፕ፣ አሥራ አንድ በሽተኞች ባሉበት ክፍል፣ ሌቪና ሻርልና አርቱር የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ከአልጋቸው ተነሥተው ምድጃና ድንች ፈልገው አመጡ። ምድጃው ተቀጣጥሎ ክፍሉ መሞቅ ሲጀምር፣ ቶቫሮቭስኪ የተባለ በሽተኛ እያንዳንዱ ሰው ከዳቦው ቁራሽ ቆርሶ ለሠሩት ለሦስቱ ይስጥ ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ሁሉም ተስማሙ። የካምፑ ሕግ የራስህን ብላ፣ ከቻልክም የጎረቤትህን ጨምር የሚል ነበርና፣ ሌቪ ይህችን ቁራሽ ካምፑ የሞተባት ቅጽበት አድርጎ ይቈጥራታል። ሩሲያውያኑ የደረሱት ጃንዋሪ 27 ቀን ነው፤ ሌቪ እንዳየው ግን በክፍሉ ያሉት ሰዎች ከእስረኝነት ወደ ሰውነት መመለስ የጀመሩት ከዚያ ስምንት ቀን ቀደም ብለው፣ ዳቦ ሲካፈሉ ነው።

በቤላሩስ፣ በሮማኒያና በሌሎች አገሮች በኩል ከተንከራተተ በኋላ በኦክቶበር 1945 ቶሪኖ ገብቶ፣ በቀለም ፋብሪካ እየሠራ መጽሐፉን በጥቂት ወራት ጻፈ። ታዋቂው የኤይናውዲ ማተሚያ ቤት አልተቀበለውም፤ በ1947 አንድ አነስተኛ አሳታሚ 2,500 ቅጂ አውጥቶ፣ ብዙው ሳይሸጥ ቀረ። ጦርነቱን ለመርሳት የቸኮለ ሕዝብ ሊያነበው አልፈለገም። ኤይናውዲ ራሱ በ1958 ዳግመኛ ካሳተመው በኋላ ግን ከዘመኑ ታላላቅ መጻሕፍት አንዱ ሆነ።

ይሁን እንጂ ሌቪ በመጽሐፉ ያልጻፈው አንድ ነገር ነበር፤ የጻፈውም ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1986 «የሰመጡትና የዳኑት» በተባለው የመጨረሻ መጽሐፉ ነው። በኦገስት 1944 ውኃ ጥም እስረኞቹን ሲያቃጥል፣ ሌቪ በፍርስራሽ ውስጥ ከአንድ ቧንቧ ላይ አንድ ሊትር ያህል ውኃ አገኘ። ለአልቤርቶ ብቻ ነግሮ ሁለቱ በስውር ጠጡት። ዳንኤሌ የተባለው ሌላው ጓደኛቸው ጠርጥሮ ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ለምን እናንተ ብቻ ብሎ ጠየቀው። ሌቪ የዚያን ውኃ ነገር ማንም ሊከስሰው በማይችልበት ዕድሜ በራሱ ላይ መሰከረ፤ እውነተኞቹ ምስክሮች ከካምፑ ጥልቀት ያልተመለሱት ሙታን ናቸው፣ እኛ የተረፍነው ጥቂቶች ስለ እነርሱ የምንናገር ተተኪዎች ነን የሚለውን ሐሳቡንም ያብራራው በዚሁ መጽሐፍ ነው።

ሌቪ ለዓመታት በየትምህርት ቤቱ እየዞረ የተማሪዎችን ጥያቄ ይመልስ ነበር፤ ለምን አላመለጣችሁም፣ ለምን አላመፃችሁም የሚሉት አይቀሩም። በ1976 ለተማሪዎች በታተመው እትም ላይ በጨመረው አባሪ፣ ስለ መትረፉ ሲጠየቅ ዕድልን አስቀድሞ አስቀመጠ፤ የተራራ ልምዱንና ሙያውን አከለ፤ ከዚያ በኋላ ነው የሰውን ነፍስ ለማወቅ የነበረው ጉጉትና ያየውን ለመናገር የነበረው ፍላጎት ረድቶኝ ይሆናል ያለው። አንድ ጊዜ አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ የካምፑን ካርታ በሰሌዳው ላይ እንዲስልለት ጠይቆ፣ ዘበኛውን በሌሊት ጉሮሮውን ማረድ፣ ልብሱን መልበስ፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉን ማቋረጥ የሚል የማምለጫ ዕቅድ በሙሉ ልብ አስረዳው፤ ሌላ ጊዜ ቢደርስብህ እንዲህ አድርግ ሲልም መከረው። ሌቪ ይህን የተረከው በልጁ ለመሳቅ አልነበረም፤ በፊልምና በልብ ወለድ የተሞላ አእምሮ፣ እግሩ ያበጠና ቋንቋ የማያውቅ የተራበ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት እንደሚያቅተው፣ ይህም ልዩነት ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ እንደሚሄድ ለማሳየት ነበር፤ እስከ 1987 ዓ.ም. ሞቱ ድረስ ሲጽፍ የኖረውም ይህን ልዩነት ለማጥበብ ነው።